በአምስትና በሰባት መካከል

ቅዳሜ የካቲት 20 ቀን 2013 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ባስልዮስ የወንድሙ ቤት በራፍ ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ እያራገፈ ሳለ፣ ገርበብ ካለው በር ውስጥ የወንድሙ ልጅ ሮሃ በስልክ ስታወራ ሰማት። የምታወራው በእንግሊዝኛ ነው። ሌንሶቹ አሮጌ መሆናቸውን፣ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለ ካሜራ እንደማይቀበላቸው፣ አባቷ በጊዜው መቀየር ሲገባው እንቢ ብሎ እንደቀረ፣ ስለዚህም በዋጋው እንደማትከራከር ለማታውቀው ሰው ታስረዳለች። በመጨረሻም «ኢትስ ኤ ዴድ ማውንት» ብላ ሳቅ አለች፤ ሳቁ የገበያ እንጂ የደስታ አልነበረም። ባስልዮስ አንድ እግሩን ምንጣፉ ላይ፣ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ያቆመው ልጅቱ የአባቷን ዕቃ ማቃለሏ አልነበረም። ቃሉን ስላወቀው ነው። የራሱ ቃል ነበር።

ሌንስ ካሜራ ላይ የሚገጠምበትን ክብ ቀዳዳ፣ ፈረንጆቹ ማውንት የሚሉትን፣ ሁለቱ ወንድማማቾች «አፍ» ነበር የሚሉት። ካኖን ሌንስን በእጅ ከማስተካከል በራሱ ወደሚያስተካክለው ኦቶፎከስ የተሻገረ ጊዜ አፉንም አብሮ ቀየረ፤ የድሮዎቹ ሌንሶች አዲሶቹ ካሜራዎች ላይ የማይገቡ ሆኑ። ታላቅየው አሥራት ይህ በተነሣ ቁጥር «ፋብሪካው አፉን ቀየረ፤ እኔ የምቀይረው አፍ የለኝም» ይል ነበር። ቀን ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት እየቆረጠ፣ ቅዳሜና እሑድ በእነዚያው ሌንሶች አሜሪካ፣ ኮለምበስ ያለውን አበሻ ሲድር፣ ሲያስጠምቅና ሲቀብር ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ባስልዮስ ኦቶፎከስ ካሜራ ገዝቶ አብሮት ይሠራ ጀመር። በመስከረም 2011 ሞርስ ሮድ ላይ ባለው አዳራሽ ሰርካዲስ የምትባል ልጅ ስትዳር ግን አሥራት ዓይኑ ደክሞ ኖሮ ያነሣቸው አንዳንዶቹ ሥዕሎች ደብዘዝ ብለው ወጡ። የሙሽራዋ እናት ለቅልቅሉ መጥታ፣ እዚያው አዳራሽ፣ ሰው በተሰበሰበበት ወቀሰች። ባስልዮስም ደንበኛዋ እንዳትሄድበት ብሎ፣ «እኔ ምን ላድርግ እትዬ፣ የሞተ ሌንስ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ዴድ ማውንት» አላት። ወደ ኋላው ሲዞር አሥራት ቆሞ ነበር። ከጎኑ ደግሞ የፍላሹን ዘንግ የያዘች ሮሃ ነበረች። አሥራት ሥራውን ጨረሰ፣ ሌንሶቹን አንድ በአንድ ክዳናቸውን አለበሰ፣ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክ አላነሣለትም፤ ባስልዮስም ሦስት ጊዜ ደውሎ በአራተኛው ኮራ።

ወንድሙ በጥምቀት ማግስት ሆስፒታል ውስጥ ሲሞት ለቅሶው በዙም ነበር። ቀብሩ ላይ ዐሥር ሰው ብቻ ተፈቅዶ ባስልዮስ ዘጠነኛ ሆኖ ቆመ። ነገ አርባው ነው። ትናንት የወንድሙ ሚስት መዓዛ ኮል አድርጋ፣ ሮሃ ለሌንሶቹ ኦንላይን ሰው እንዳገኘች፣ ሰውየው ዛሬ ከሰዓት እንደሚመጣ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ግን እሱ ብቻ ስለሆነ ብቅ ቢል ደስ እንደሚላት ነገረችው። ስለ ሁለት ዓመት ከአምስት ወሩ አላነሣችም። እሱም አላነሣም። ካናል ዊንቸስተር ከሚሠራበት ዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘኑ፣ የቅዳሜ ሺፍቱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ መጣ።

መዓዛ በሩን ስትከፍትለት ማስኳን እስከ ዓይኗ ድረስ ስባ ነበር። ሊያቅፋት እጁን አነሣና፣ ሁለቱም ባሉበት ቆመው፣ እጁን ደረቱ ላይ መለሰ። ቤቱ እንደሚያውቀው ነው፤ ሁለት መኝታ ቤት፣ ቡናማ ምንጣፍ፣ ኪራዩ ሰባት መቶ ሲሆን የገቡበት አሁን ሺህ አንድ መቶ የደረሰ። ሳሎኑ ውስጥ ለነገ ታጣፊ ወንበሮች ተራርቀው ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ የሌላ ሰው ሰርግ ሁሉ አለ፤ የአሥራት ፎቶ ግን አንድም የለም፤ ለቀብሩ የተጠቀሙት ከመንጃ ፈቃዱ ላይ ያሳደጉትን ነው። ሮሃ «ሃይ አንክል» አለችውና ስልኳን ኪሷ ከተተች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከአባቷ የወሰደችው ረጅም ጣት አላት። የሰማውን እንደሰማ አልነገራትም።

መኝታ ቤቱ አልጋ ላይ ስድስቱ ሌንሶች ለቤተሰብ ፎቶ እንደቆሙ ልጆች በቁመታቸው ተደርድረው ነበር፤ ሃያ ስምንቱ፣ ሠላሳ አምስቱ፣ ሃምሳው፣ ሰማንያ አምስቱ፣ መቶ ሠላሳ አምስቱና ሁለት መቶው። ሰማንያ አምስቱ ብቻ ካሜራው ላይ እንደተገጠመ ነው። ሮሃ ለሽያጭ የጻፈችውን ከስልኳ ላይ አሳየችውና የጎደለ ካለ ጠየቀችው። ሰማንያ አምስቱ የተገዛበትን ዓመት 1979 ብላለች። ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቃት የክዳኑን ውስጥ ገልብጣ አሳየችው፤ በአሥራት እጅ ጽሑፍ «79» ይላል። ባስልዮስ ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«የእኛ ሰባ ዘጠኝ ነው ይሄ። በናንተ ሰማንያ ሰባት።»

«ሶ ዋት?» አለች ልጅቱ፤ ክፋት አልነበረባትም።

ባስልዮስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነገራት። አባቷ አዲስ አበባ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ይህችን ሌንስ ሮም በምትመላለስ የአውሮፕላን አስተናጋጅ በኩል ለማስመጣት ሁለት ዓመት ከምሳው ቆርጦ አጠራቀመ። ሌንሷ በመጋቢት እጁ ገባች። ፋብሪካው ኦቶፎከስ ካሜራውን ለዓለም ያሳየው በዚያው ወር ነው። ባለ ፎቶ ቤቱ መጽሔቱን ይዞ መጥቶ፣ «አሥራት፣ መርከቡ ሲወርድ ተሳፈርክ» ብሎ በሳቅ ገደላቸው፤ ባስልዮስ ያኔ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር፣ አብሮ ስቋል። አሥራት ግን ክዳኑን ገልብጦ ዓመቱን ጻፈበትና፣ የመጨረሻዋን ወንበር ያገኘ ሰው ቆሞ አይሄድም አለ። ሮሃ ቀስ ብላ ስልኳ ላይ ሰባቱን በስምንት፣ ዘጠኙን በሰባት ቀየረች።

ልጅቱ ነገ ለሚመጡት ሰዎች ውሃና ማስክ ልትገዛ ስትወጣ፣ መዓዛ የመኝታ ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች። እጇ ላይ ክብ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። አልገባችም፤ ከበሽታው ወዲህ እዚያ በር ላይ መቆም ለምዳለች።

«ባስልዮስ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ» አለች። «ለሮሃም አልነገርኳት።»

ቆርቆሮውን ከፈተችለት። ውስጡ የተጠቀለለ ፊልም ነበር፤ ከጥቅልሉ ተጎልጉሎ የወጣ፣ እንደ ሪባን የተጠማዘዘ። አሥራት በታመመ ጊዜ ካሜራውን አልጋው ላይ እንዳስቀመጠ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሮሃ ከሥራ ደውላ፣ እማዬ ካርዱን አውጪውና ፎቶ ካለው እናያለን አለቻት። መዓዛም መብራቱን ቦግ አድርጋ ካርዱን ፍለጋ የካሜራውን ጀርባ ከፈተች። ካርድ አጣች፤ የአሥራት ካሜራ የፊልም ነው። ያገኘችውን ሳበችው፤ ሥዕሉ የሚታይ መስሏት እስከ መጨረሻው ሳበችው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የፎቶ አንሺ ሚስት ሆኜ፣ አለች፣ ጨለማ ክፍል ደጃፍ ላይ ስንቴ አንኳኩቼ፣ ያን ቀን ግን ጭንቅላቴ ካርድ ብቻ ነበር የሚለው። ያለው ነገር ይተርፍ እንደሆነ ጠየቀችው። ባስልዮስ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየ። ማየት አያስፈልገውም ነበር፤ ያየው ቶሎ አልተረፈም ላለማለት ነው።

«ብርሃን ገብቶት ነድዷል እትዬ» አለ።

ራሷን ነቀነቀች። ታውቅ ኖሯል። ቆርቆሮውን ከድና የፊቱን ግን እንዳልነካች፣ ሌንሱን ከአልጋው ላይ እንዳገኘችው ክዳኑን ብቻ እንዳደረገችለት ነገረችው፤ እንደ ማስተባበያ ነበር የምትናገረው። ባስልዮስ ግን ይህን ሲሰማ እጁ ካሜራው ላይ ቀረ። ሌንሱን አልነካሁትም ካለች፣ ቀለበቱ አሥራት የተወው ቦታ ላይ ነው ማለት ነው።

ኦቶፎከስ ትዝታ የለውም። ቁልፉን በተጫኑት ቁጥር ከአዲስ ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ይረሳል። ባስልዮስ ወንድሙን የሚያበሽቀው በዚህ ነበር፤ ያንተ ሌንስ ካልገፉት የማይሄድ ግትር በሬ ነው ይለው ነበር። እውነትም አይሄድም። እጅ ያቆመው ቦታ ላይ ይቆማል። አልጋው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ አነሣና በቀለበታቸው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ርቀት አነበበ። መቶ ሠላሳ አምስቱ ሠላሳ ጫማ ላይ ነው፤ ባለፈው ዓመት ጥምቀት፣ ታቦቱ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ማዶ የቆመበት ይሆናል። ሃምሳው ዐሥር ጫማ ላይ ነው፤ ክርስትና። ሃያ ስምንቱ የተጋደመችው ስምንት ላይ ነው፤ መጨረሻ የለውም ማለት ነው፤ በረዶ ወይ ሰማይ አንሥቶ ይሆናል። ሰማንያ አምስቱን በመጨረሻ አነሣ። ምልክቷ በአምስትና በሰባት መካከል ቆማለች። ስድስት ጫማ። ያን የኮሮና ዓመት ያን ቁጥር የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሱቅ ወለል ላይ ተለጥፎ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተጽፎ፣ ዌርሃውሱ ውስጥ በቢጫ ቀለም ተሰምሮ ነበር።

ለአርባ ቀን ያልለቀቀው ነገር ተነሣበት። ጥር 1 ቀን፣ አሥራት ክፍሉ ውስጥ በተዘጋ በሰባተኛው ቀን፣ ባስልዮስ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ ታይለኖልና አንድ ፔርሙዝ ሾርባ በፌስታል ይዞ መጥቶ ነበር። በሩ ላይ አስቀምጦ ደወሉን ደውሎ፣ በበረዶው ላይ ዞሮ ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት ሄደ። ቤቱ ምድር ላይ ነው። መጋረጃው በስንዝር ያህል ተከፍቶ ነበር። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ መስታወቱ የራሱን ፊት ብቻ መለሰለት። እጁን አነሣ። ትንሽ ቆየ። ሄደ። አሥራት አይቶት ይሆን? አይቶት ዝም ብሎት ይሆን? ወይስ አይቶት፣ እንደ ታላቅ ወንድም ወጉ፣ በአፉ ይቅር ለማለት የከበደውን በካሜራው ብሎት ይሆን? አልጋው በበሩና በመስኮቱ መካከል ነው።

መዓዛን ሜትር ጠየቃት። ለምን አላለችም፤ ከስፌት ማሽኗ መሳቢያ አመጣችለት። አሥራት ይቀመጥበት ከነበረው ትራስ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሦስት ጫማ ለካ። ከዚያ ኮቱን ደርቦ ወጣ፤ ያን ቀን የቆመበትን ያውቀዋል፣ የኤሲው ሳጥን አጠገብ ነው፤ ከዚያ እስከ መስኮቱ ሌላ ሦስት ጫማ። ስድስት ሞላ። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጭቃ ላይ ሜትር ይዞ ቆሞ እንደ ልጅ ልቡ መታች። ከጎረቤት አንዲት ሴት ውሻዋን እየጎተተች አየችውና አንገቷን ሰብራ አለፈች። ተመልሶ ገብቶ፣ መዓዛ ከቆመችበት ጠጋ እንድትልለት ለምኖ፣ በሌላኛው ወገን ደግሞ ከትራሱ እስከ በሩ ለካ። ኮሪደሩ ውስጥ፣ ከደፉ ወዲያ፣ አንድ ታጣፊ ወንበር አለ። ከትራሱ እስከ ወንበሩ ስድስት ጫማ ነው።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ባስልዮስ ሜትሩን ጠቅልሎ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ሌንሱ ሰው ቢሆን ይከራከረው ነበር። ከዚያ፣ መጀመሪያ ማየት የሚገባውን፣ ሆን ብሎ ያላየውን፣ አየ። የሌንሱ ዓይን እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነበር፣ አንድ ነጥብ ስምንት። ፍጥነቱ የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ላይ ነው። ይህ ብርሃን ላነሰው ክፍል የሚሆን ልክ ነው። በረዶ ላይ የቆመ ሰው በዚህ ልክ ቢነሣ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው የሚሆነው፤ አሥራት ደግሞ ዓይኑ ቢደክምም ብርሃንን በመዳፉ ጀርባ የሚለካ ሰው ነበር፣ ትኩሳት ላይ ሆኖ እንኳ በዚህ አይሳሳትም። መስኮቱ አልነበረም።

መዓዛ ፊቱን እያየች ነበር። ምን እንደሚፈልግ አልጠየቀችውም፤ ያገኘውን ብቻ ጠበቀች። ባስልዮስ መዋሸት ይችል ነበር፤ አይታወቅም ማለት ይበቃ ነበር። ካሜራውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጣቱን ከቀለበቱ አርቆ፣ አስረዳት። ፊልሙ ቢነድም ሌንሱ ያየውን ርቀት እንደያዘ ነው አላት። በዚህ ብርሃን፣ በዚህ ርቀት፣ ከዚህ ትራስ ያለ ነገር አንድ ብቻ ነው አላት።

«እርስዎን ነው እትዬ። ወንበሩ ላይ።»

ዞራ ወንበሩን አየች። ሥራዋን ትታ ቀኑን ሙሉ እዚያ ትቀመጥ እንደነበር፣ ከዚያ አልፋ እንዳትገባ እሱ ራሱ እንደከለከላት፣ ሲያስል አብራ ታስል እንደነበር ነገረችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ጣላት። ቀጭ የሚል ነገር ሰምታ ነቃች፤ ጣቱ ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ የዘጋ መስሏት ስንት ሆነልህ አለችው። «ደህና ነው» አላት። ሌላ አላላትም።

«ተኝቼ ነዋ ያየኝ» አለች። «ለመጨረሻ ጊዜ።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፤ ከተነሣችበት ቀን ጀምሮ አልተቀመጠችበትም ነበር። ማስኳን ዝቅ አድርጋ በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች። ባስልዮስ፣ አሥራት አይቷት እንደሚሆነው፣ አያት፤ ስድስት ጫማ ላይ ናት። ከዚያ ሳይጠይቃት ተናገረች። ያንተን ሜትር አይቻለሁ፣ ምን እንደምትለካም ገብቶኛል አለችው። ያን ቀን ደወሉን ስትሰማ ፌስታሉን አስገብታ፣ በመስኮቱም ጥላውን አይታለች። አሥራት ፊቱን ወደ በሩ፣ ወደ እሷ አድርጎ ተኝቶ ነበር፤ ገና መተኛቱ ነው፣ ስንት ሌሊት ያጣው እንቅልፍ ነው።

«ልቀስቅሰው ብዬ ተውኩት። ሲነቃ ባስልዮስ መጥቶ ነበር እለዋለሁ አልኩ። ሲነቃ ትንፋሽ አጠረው። ሳይመሽ አምቡላንስ መጣ።» ነጠላዋን እያጠፈች ቆየች። «አልነገርኩትም። አርባ ቀን ሙሉ ስልክህን ያላነሣሁት ለዚህ ነው።»

ባስልዮስ ምንም አይደለም ሊላት ፈልጎ፣ ምንም ያልሆነ አይደለምና፣ ከአፉ አልወጣም። እሱም ያለበትን ሊነግራት አሰበ፤ ያን የቅልቅል ቀን ያወጣትን ቃል። ግን እሷ አውቃለች፤ ሮሃ ትናንትና ዛሬ በስልክ ስትደጋግማት ሰምታለች፣ ከማን እንደመጣችም ታውቃለች።

ገዢው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ፤ ጺሙ ከማስኩ ሥር የወጣ ወጣት አሜሪካዊ ነው፣ ውጭ መኪናው አጠገብ ቆመ። ባስልዮስና ሮሃ አምስቱን ሌንሶች በካርቶን ይዘው ወጡ። ሰውየው እያንዳንዱን እያነሣ ቀለበቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ፤ ባስልዮስ ሠላሳዋ ጫማ፣ ዐሥሯ ጫማ፣ የተጋደመችው ስምንት ስትጠፋ ቆሞ አየ። ሰውየው ደስ ብሎታል። ሮሃ የማይገጥም ዕቃ መግዛቱ አሳዝኗት ነው መሰል፣ ምን ላይ እንደሚገጥማቸው ጠየቀችው። ካሜራውን ከመኪናው አውጥቶ አሳያት፤ ገና አምና የወጣ። መካከል ላይ ቀጭን ቀለበት አድርጎ ሃምሳውን ሰካው። መስታወት አልባዎቹ አዲሶቹ ካሜራዎች እነዚህን ሌንሶች ሁሉ ይቀበላሉ አላት፤ ቀለበቱ ሠላሳ ዶላር አይሞላም፤ ሰዎች አሁን የሚሻሙባቸው ለዚህ ነው። ዓይን ለደከመ ሰውም ይረዳል፣ የጠራውን ቦታ በቀይ እያቀለመ ያሳያል።

ሮሃ ወደ አጎቷ ዞረች። «ሶ ኢት ዋዝንት ዴድ?»

«አልሞተም ነበር» አለ ባስልዮስ።

«ታውቅ ነበር?»

«ከሰርጉ በፊት።» ሊጨርሰው ፈልጎ ነበር፤ ቀለበቷን ገዝቶ፣ ዛሬ ነገ እሰጠዋለሁ እያለ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በመኪናው ኪስ ውስጥ እንዳለች። አልጨረሰውም። ልጅቱ ካርቶኑን ለሰውየው ሰጥታ ገንዘቡን ሳትቆጥር ተቀበለች። ሰውየው ስድስተኛዋን፣ ሰማንያ አምስቷን ጠየቀ፤ የመጣው በተለይ ለእሷ ነበር። በሩ ላይ መዓዛ ካሜራውን ከነሌንሱ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ቆማ ነበር፤ ማንም ሳይተረጉምላት ራሷን በእንቢታ ነቀነቀች። ገብታ ከመድኃኒት ሣጥኑ ነጩን ፕላስተር አወጣችና፣ ባስልዮስ እጇን እየመራላት፣ ቀለበቱ እንዳይዞር ዙሪያውን ለጠፈችበት።

በ2014 ሰኔ መዓዛ ሮሃ ካናል ዊንቸስተር የገዛችው ቤት ገባች። ባስልዮስ ዕቃውን ሲያወርድ ካሜራውን ከፎጣዎች መካከል አገኘው፤ ፕላስተሩ ደርቆ ተልጧል፣ ቀለበቱም በጉዞው ላይ ዞሮ የተጋደመችው ስምንት ላይ ደርሷል። መዓዛ ወጥ ቤት ነበረች። በአምስትና በሰባት መካከል መልሶት፣ አዲስ ፕላስተር ለጥፎበት፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። እስከ ዛሬ አልነገራትም።